ባዶ ገጽ የሚቆጥር መዝገብ

አሥራ አንድ ሺህ ፎቶ አጥፍቼ ፋይሉ አንድ ባይት እንኳ አልቀነሰም።

ክረምት ነበር፤ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ከቤት አያስወጣም። የቤተሰቡን የፎቶ ክምችት ላጸዳ ከተቀመጥኩ ሳምንት ሆኖኛል። ከ52,000 በላይ ነው፦ ራሴ ያነሣሁት፣ እህቶቼ ከሪያድና ከዋሽንግተን በቴሌግራም የላኩት፣ ከአሮጌ አልበም ላይ በስካነር የገባ። አንድ የክርስትና ፎቶ በአራት ሰው ስልክ ዞሮ አራት ጊዜ ገብቷል። የደበዘዘውን፣ የተደጋገመውን፣ ለምን እንደተነሣ ማንም የማያስታውሰውን ደረሰኝ ሁሉ እየለቀምኩ አወጣሁ። ከዚያ የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራሜን ማጽጃ አስነሣሁ፤ ጨርሻለሁ አለኝ። ድንክዬ ምስሎቹ የሚቀመጡበትን መዝገብ መጠን አየሁ፦ 1.9 ጊጋባይት። ከማጽዳቴ በፊትም 1.9 ጊጋባይት ነበር።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ንዴቱ ሲበርድ ግን ፋይሉን ከፍቼ ውስጡን ማየት ጀመርኩ። ሽሮ ሜዳ ነጠላ የምትገዛ አዋቂ ሴት ጥለቱን ገልብጣ ጀርባውን ታያለች፤ ፊቱን ማንም ያሳምረዋል። እኔም የገለበጥኩት ጨርቅ ከጠበቅሁት በላይ ንጹሕ ሆኖ አገኘሁት።

ፕሮግራሙ ዲጂካም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረ፣ ማንም በነፃ የሚጭነው የፎቶ ማደራጃ ነው። ፎቶዎቹን በየፎልደራቸው ይተዋቸዋል፤ እሱ የሚይዘው ስለ እነሱ የሚታወቀውን ነው፦ መቼ እንደተነሡ፣ ማን እንዳለባቸው፣ ምን መለያ እንደተለጠፈባቸው፣ ስንት ኮከብ እንደተሰጣቸው። ይህንንም በአራት ፋይል ከፍሎ ያስቀምጣል፤ አንዱ ዋናው መዝገብ፣ አንዱ የድንክዬዎች፣ አንዱ ፊት የሚለይበት፣ አንዱ ተመሳሳይ ፎቶ የሚፈልግበት። የዋናው ፋይል ስም ላይ 4 ቁጥር አለች። ፕሮግራሙ ስምንተኛው ትውልድ ላይ ከደረሰ በኋላም ያቺን 4 የነካት የለም። ስሙን ለማሳመር ብሎ የቀየረ ቢኖር ስንት ሰው «መዝገቤ ጠፋ» ብሎ ይጮህ እንደነበር ሳስብ፣ ይህች ትንሽ ቁጥብነት ደስ ትለኛለች።

ከሥር ሆኖ ፋይሎቹን የሚያንቀሳቅሰው ኤስኪውላይት ነው። ሪቻርድ ሂፕ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2000 ነው የጀመረው። ለአንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር መርከብ በሚሠራው ሶፍትዌር ላይ የዳታቤዙ ሰርቨር ሲቆም ፕሮግራሙም አብሮ ይቆም ነበር። ሂፕ ሰርቨር የማያስፈልገው፣ ሁሉ ነገር በአንድ ተራ ፋይል ውስጥ የሚያድር ዳታቤዝ ሠራ። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ባለው ስልክ ሁሉ አለ። የባለቤትነት መብቱንም ለሕዝብ ትቶታል፤ ኮዱ ላይ የፈቃድ ውል ሊጻፍ በሚገባበት ቦታ አጭር ምርቃት ተጽፎ ይገኛል። መርቆ መስጠት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በኮድ ውስጥ ግን ሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም።

ኤስኪውላይት ፋይሉን እኩል እኩል ገጽ አድርጎ ይከፍለዋል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ የተለመደው የገጽ መጠን 4,096 ባይት ነው። የተጻፈው ሲጠፋ ገጹ አይቀደድም። የሰፈር ባለ ሱቅ የዱቤ ደብተሩን እንዴት እንደሚይዝ አስቡ፤ ዕዳው ሲከፈል ይሰርዘዋል እንጂ ቅጠሉን አይገነጥልም፣ ቢገነጥል በጀርባው ያለው የሌላ ሰው ዕዳ አብሮ ይሄዳል። ባለ ሱቁ ግን ባዶ ቦታ ሲፈልግ ደብተሩን ማገላበጥ አለበት። ኤስኪውላይት አያገላብጥም።

የፋይሉ የመጀመሪያ 100 ባይት መግቢያ ነው። የፊቶቹ 16 ባይቶች ፋይሉ ምን እንደሆነ ይናገራሉ። ወደ ውስጥ 32 ባይት ተቆጥሮ የሚገኙት አራት ባይቶች የመጀመሪያው የባዶ ገጽ ዝርዝር የት እንዳለ፣ ቀጥለው ያሉት አራቱ ደግሞ ባዶ ገጾቹ በድምሩ ስንት እንደሆኑ ይይዛሉ። የእኔን መዝገብ ጠየቅሁት፤ ወደ 146,000 አለኝ። ወደ 600 ሜጋባይት የሚጠጋ ባዶ ቦታ፣ ገጽ በገጽ የተቆጠረ።

ዝርዝሩ የት እንደተጻፈ ሳውቅ ነው ግን በእውነት የተደነቅሁት። እዚያው ባዶ ገጾቹ ላይ ነው። አንድ ባዶ ገጽ አንድ ሺህ ያህል የሌሎች ባዶ ገጾችን ቁጥር ይሸከማል፤ በመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶቹ ደግሞ ቀጣዩ ዝርዝር ያለበትን ገጽ ይጠቁማል። እንዲህ እየተያያዘ ይሄዳል። ባዶውን ለመመዝገብ ከሚሠራው ገጽ ላይ ምንም አልተወሰደም። በዝርዝሩ ላይ ቁጥራቸው የተጻፈው ገጾች ራሳቸው አይነኩም፤ ማጥፋት ፈጣን የሆነውም ስለዚህ ነው። (ጥንቃቄ የሚያሻውም እዚሁ ላይ ነው። ባልተነካው ገጽ ላይ የድሮው ጽሑፍ እንዳለ ተቀምጧል። ፋይሉን ለሌላ ሰው የምትሰጡ ከሆነ «አጥፍቼዋለሁ» በማለት ብቻ አትተማመኑ።)

ፋይሉ አለመቀነሱ እንግዲህ ስንፍና ሳይሆን ስሌት ነው። ነገ የሚገባው ፎቶ በእነዚያ ገጾች ላይ ይጻፋል። ፋይሉን በየቀኑ ማሳጠርና ማስረዘም ዲስኩን በከንቱ ማድከም ነው።

ኤስኪውላይት ግን ገጽ እንጂ ፎቶ አያውቅም። የትኛው ረድፍ መጥፋት እንዳለበት የሚወስነው ዲጂካም ነው፤ እኔንም ረጅም ሰዓት ያፈዘዘኝ ይህ ክፍል ነው።

ፎቶዎቹ በፎልደር ይኖራሉ ብያለሁ። ሰው ደግሞ ፎልደር መነካካት ይወዳል፤ ስም ይቀይራል፣ ያዘዋውራል፣ «እዚህ ጋ ይሻላል» ይላል። ፕሮግራሙ በማግስቱ ሲነሣ ትናንት የነበረው ፎቶ በቦታው የለም። የለም ማለት ጠፋ ማለት ነው? ችኩል ፕሮግራም ረድፉን ያጠፋዋል፤ ከረድፉ ጋር ኮከቡ፣ መግለጫው፣ «አያቴ» የሚለው መለያ ይሄዳል። ዲጂካም ረድፉ ላይ የተወገደ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት አድርጎ ይተወዋል። ከስክሪኑ ይሰወራል፤ መዝገቡ ውስጥ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

እስከ መቼ? መልሱ ኮዱ ውስጥ ሦስት መስመር ነው። ከሰባት ቀን በላይ ካለፈና ከሁለት በላይ ሙሉ ፍተሻ ከተደረገ፤ ወይም ከሠላሳ ቀን በላይ ካለፈና አንድ ሙሉ ፍተሻ እንኳ ከተደረገ፤ ወይም ቀኑ ስንትም ይሁን ከሠላሳ በላይ ፍተሻ ከተደረገ። ያኔ ብቻ ነው ረድፉ ለመጨረሻ ጊዜ የሚሰናበተው። በሰባትና በሠላሳ ሙት ለሚያስብ ሰው እነዚህ ቁጥሮች እንግዳ አይደሉም። የጻፉት ሰዎች አንድ ሳምንትና አንድ ወር ብለው እንጂ ተዝካር አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ሳነበው ፈገግ ማለቴን አልደብቅም።

ሦስቱን መስመሮች ቀረብ ብላችሁ እዩአቸው። ቀን ብቻ ቢቆጠር፣ ኮምፒውተሩን ዘግቶ አንድ ወር ክፍለ ሀገር የከረመ ሰው ተመልሶ ገና ሲከፍት ሁሉ ተጠርጎ ይጠብቀዋል። ፍተሻ ብቻ ቢቆጠር፣ በአንድ ከሰዓት ፕሮግራሙን ሦስቴ ዘግቶ የከፈተ ሰው ያው ይደርስበታል። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን አንዱ የሌላውን ቀዳዳ ይደፍናል። ይህን የጻፈው ሰው ፎቶ ጠፍቶበት የሚያውቅ ይመስለኛል።

በዚህ ጥበቃ መካከል ፎቶው በሌላ ፎልደር ብቅ ቢልስ? ዲጂካም እያንዳንዱን ፋይል በአሻራው ያውቀዋል። አሻራውን ለመውሰድ ሙሉውን አያነብም፤ የፊተኛውን 100 ኪሎባይትና የኋለኛውን 100 ኪሎባይት ብቻ ያነብና ኤምዲ5 በሚባለው ስልት 32 ፊደልና ቁጥር ያደርገዋል። ካሜራዬ የሚሰጠኝ ያልታመቀ ፎቶ 30 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ከዚያ የሚነበበው ከ150 አንድ እጁ ነው ማለት ነው። አሻራውንና የፋይሉን መጠን አጣምሮ ካየ በኋላ በአዲሱ ቦታ የተገኘው የትናንቱ ፎቶ መሆኑን ይለይና ኮከቡንም መለያውንም ከተሰናባቹ ረድፍ ወደ አዲሱ ያሻግራል። ባለቤቱ አንዳች ነገር እንደተደረገ እንኳ አያውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የፎቶ ፋይል መግቢያው ላይ ስለ ፎቶው የተጻፈ መረጃ አለ፤ መለያውን ፋይሉ ውስጥ እንዲጽፍ ካዘዝነው ያ ክፍል ይለወጣል፣ ከእሱም ጋር አሻራው ይለወጣል። ፕሮግራሙ ይህን እየተከታተለ አሻራውን ሊያድስ ይገደዳል። ከምስሉ መሃል ትንሽ ተወስዶ ቢሆን ይህ ጣጣ ባልመጣ ነበር እላለሁ። የሠራው ሰው መልስ ይኖረው ይሆናል።

የድንክዬዎቹ መዝገብ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ድንክዬ የሚመዘገበው በፎቶው አሻራ ስለሆነ፣ አራት ቦታ የተቀመጠው ያ የክርስትና ፎቶ አራት ድንክዬ የለውም፤ ለአራቱም አንድ ነው። ቁጠባው ጥሩ ነው። ችግሩ ሲያጠፉ ነው፤ ከአራቱ ሦስቱን ባወጣ ድንክዬው ለአራተኛው ያስፈልጋል። ሁለቱ መዝገቦች ደግሞ የተለያዩ ፋይሎች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሆድ አያውቅም።

ማጽጃው ይህን የፈታው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ድንክዬዎቹን ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ተጠርጣሪ አድርጎ ይዘረዝራል። ከዚያ በዋናው መዝገብ ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች በየተራ እየጠራ «ያንተ ድንክዬ የትኛው ነው?» ይላል። ፎቶው የመሰከረለት ድንክዬ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ በአሻራ ይሁን በፋይል አድራሻ፣ ወይም ከፎቶው ላይ ተቆርጦ ለተቀመጠ የሰው ፊት፣ በየትኛውም መንገድ ምስክር ካገኘ ነፃ ነው። እስከ መጨረሻው ማንም ያልመሰከረለት ብቻ ይጠፋል። ጊዜ ይፈጃል፤ እኔ ቡና አፍልቼ ሦስተኛውን ጠጥቼ ነው የጨረሰው። ግን የሕያው ፎቶ ድንክዬ በስሕተት አይጠፋበትም።

የቀረው ባዶ ገጾቹን ማስወጣት ነው። ይህ በዚያው ማጽጃ ውስጥ ተለይቶ የሚመረጥ ሥራ ነው፤ መጀመሪያ ቀን ያልመረጥኩትም እሱን ነው። በኤስኪውላይት ቋንቋ ቫኪዩም ይባላል። ዲጂካም ቫኪዩም ከማድረጉ በፊት የመዝገቡን ጤንነት ያስመረምራል፤ ገጾቹ በትክክል መያያዛቸው፣ አንድ ገጽ በሁለት ባለቤት አለመያዙ ይታያል። መዝገቡ የታመመ ከሆነ አልነካም ይላል። ጤነኛ ከሆነ ይሠራና ሲጨርስ ደግሞ እንደገና ያስመረምራል። ሁለተኛው ምርመራ ነው የሚገርመኝ። ሥራውን ራሱ ሠርቶ ሲያበቃ ራሱን አላመነም።

እኔ ቫኪዩሙን ባስነሣሁ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መብራት ጠፋ።

ኮምፒውተሬ ዴስክቶፕ ነው፤ ባትሪ የለውም። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስለ ቫኪዩም የማውቀውን ሁሉ በልቤ ደገምኩት። ቫኪዩም የድሮውን ፋይል መጀመሪያ አይነካውም። በጎን ጊዜያዊ ፋይል ይከፍትና ሕያው ረድፎቹን ብቻ ሰንጠረዥ በሰንጠረዥ፣ በቅደም ተከተል ይገለብጣቸዋል። ተበታትኖ የነበረው ይሰበሰባል፤ ባዶ ገጽ ወደ አዲሱ አይሻገርም። እዚህ ላይ መብራት ቢጠፋ የሚበላሸው ጊዜያዊው ፋይል ብቻ ነው። አዲሱ ተሟልቶ ሲያልቅ ወደ ዋናው ፋይል ተመልሶ ይጻፋል፤ አደገኛው ሰዓት ይሄ ነው። ስለዚህም አንድ ገጽ ከመደምሰሱ በፊት፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ ባለው አሠራር፣ የድሮው ገጽ እንዳለ ጆርናል በሚባል ሌላ ፋይል ላይ ይቀመጣል። ዲስክ ላይ የድሮው ፋይል እጥፍ የሚያህል ባዶ ቦታ የሚፈልገው ለዚህ ነው፤ ሥራው ሁሉ ሲያልቅ ጆርናሉ ይሰረዛል። ሥራው ተፈጸመ የሚባለው ጆርናሉ በሚሰረዝባት በዚያች ቅጽበት ነው። ጆርናሉ እስካለ ድረስ፣ ከገጾቹ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ እጁ ቢጻፍ እንኳ፣ ምንም አልተደረገም።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ መብራቱ መጣ። ፎልደሩን ስከፍት ከድንክዬው መዝገብ ጎን ጆርናሉ ቁጭ ብሏል። ልቤ እየመታ ዲጂካምን አስነሣሁት። እንደ ወትሮው ተነሣ፤ ምንም ማስጠንቀቂያ አላሳየኝም፣ ፎቶዎቼ በየቦታቸው ናቸው። ወደ ፎልደሩ ስመለስ ጆርናሉ የለም፤ መዝገቡም እንደገና 1.9 ጊጋባይት ሆኖ ቆሟል። ኤስኪውላይት ፋይሉን ገና ሲከፍት ያልተጠናቀቀ ሥራ መኖሩን ከጆርናሉ አይቶ የድሮዎቹን ገጾች አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መልሷቸዋል። ምርመራውን አስደረግሁ፤ «ኦኬ» የምትል አንዲት ቃል ሰጠኝ። እንደገና ቫኪዩም አልኩ። 1.3 ጊጋባይት።

ማሽኑ ሊያጸዳልኝ ያልቻለው አንድ ነገር ቀረ። ከመለያዎቹ መካከል «ሠርግ» አለ፤ «ሰርግ»ም አለ። መዝገቡ በአንድ ወላጅ ሥር ተመሳሳይ ስም ሁለቴ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ለእሱ ግን እነዚህ ሁለቱ ተመሳሳይ አይደሉም። የኛ ፊደል እያንዳንዱ በዩኒኮዱ ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ሁለቱም ቃላት ዘጠኝ ዘጠኝ ባይት፣ ሰባ ሁለት ሰባ ሁለት ቢት ናቸው። ሠና ሰን ዘርዝሬ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የሚለያዩት በአንድ ቢት ነው። አንዲት ዜሮ አንድ ብትሆን ንጉሡ ሠ እሳቱ ሰ ይሆናል። ኤስኪውላይት የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደ አንድ እንዲያይ ማዘዝ ይቻላል፤ ያውም ሃያ ስድስቱን ብቻ። ስለ ሞክሼ ፊደሎቻችን ምንም አይልም። የማያውቀውን አለመገመቱ ትክክል ይመስለኛል፤ ገምቶ ያዋሃደ ፕሮግራም ነገ «ሰረቀ»ንና «ሠረቀ»ን ያዋህዳል፣ አንዱ ሌብነት፣ ሌላው የፀሐይ መውጣት ነው።

ለአባቴ ደወልኩ። «አባዬ፣ ሠርግ በየትኛው ሰ ነው የሚጻፈው?»

«በንጉሡ ነዋ! ይኼን ሳታውቅ ነው እስከ ዛሬ የኖርከው?» አለኝ። እናቴ ከኋላ ሆና «ምን ልዩነት አለው፣ ያው ድግስ ነው» ስትል ይሰማኛል።

በንጉሡ የተጻፈው 412፣ በእሳቱ የተጻፈው 187 ፎቶ ነበረው። «ሰርግ»ን ከፍቼ ሁሉንም መረጥኩና «ሠርግ» የሚለውን ለጠፍኩባቸው፤ የድሮውን መለያ አጠፋሁት። ቁጥሩን አየሁ፦ 596። ደመርኩ፤ 599 መሆን ነበረበት። ሦስት ጎደለ ብዬ ደነገጥኩና ፍለጋ ገባሁ። የጎደለ አልነበረም። መዝገቡ አንድን መለያ አንድ ፎቶ ላይ ሁለት ጊዜ አይመዘግብም፤ ሦስት ፎቶዎች ከመጀመሪያውም ሁለቱንም መለያ ይዘው ነበር። ሦስቱም የታላቅ እህቴ የመልስ ቀን ናቸው። አንዱን መለያ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ሌላውን ራሷ፣ ከሪያድ መጥታ በሰነበተችበት ገና፣ አጠገቤ ተቀምጣ።